ፖር ኢን በደቦ

መምህርት ድንቅነሽ ዕድሜዋን ስለ ብዛት ስታስተምር ኖረች፤ ብዛት የሚባለው ነገር ግን ወደ እሷ ደጅ ዝር ብሎ አያውቅም። ልጅ አላት፣ አንዲት፤ እሷም ሐዋሳ ባንክ ቤት ገብታ ለበዓል ብቻ ብቅ የምትል። የአቮካዶ ዛፍ አላት፣ አንድ፤ እሱም የዲላ አቮካዶ ቅርንጫፍ እስኪሰብር በሚያፈራበት ዓመት እንኳን ጥቂት ፍሬ አንጠልጥሎ «ይኸው፣ ይበቃሻል» የሚል ዓይነት ዛፍ ነው። እንግዳም ቢሆን ወደ እሷ ቤት የሚመጣው አንድ አንድ እያለ፣ ያውም ብዙውን ጊዜ ቤት ተሳስቶ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለችው ሴት ናት ከእንግሊዝኛ ትምህርት ሁሉ አብልጣ፣ ሰውና ነገር ሲጎርፍ፣ ሲግተለተል፣ ሲከመር የሚነገርባቸውን ግሶች የወደደችው።

ፖር ኢን፣ ፍለድ ኢን፣ ፓይል አፕ። እነዚህን ስታስተምር ድምጿ ይለወጣል፤ ጠመኔው በእጇ ላይ ይጨፍራል። እንግሊዞቹ «ሰው መጣ» ብለው አይተዉትም፤ ከግሱ ኋላ አንዲት ቁራጭ ቃል ይቀጥሉና ሰውየውን ከእንስራ እንደሚንቆረቆር ውሃ ያደርጉታል፤ ያ ፖር ኢን ነው። ከዚያም ሲብስ ድልድይ እንደሚወስድ ጎርፍ ያደርጉታል፤ ያ ፍለድ ኢን ነው። ሥራው፣ ደብዳቤው፣ የሚታጠበው ልብስ ሳይነካ ተራራ ሲሠራ ደግሞ ፓይል አፕ ነው። «እኛስ ምን እንላለን?» ብላ ተማሪዎቿን ትጠይቃለች። እኛማ መች አጥተን፤ ጎረፈ እንላለን፣ ተመመ እንላለን፣ ግልብጥ ብሎ ወጣ፣ ነቅሎ መጣ፣ እንደ አሸን ፈላ እንላለን። ግን ይህን ሁሉ ጠያቂዋም እሷ፣ መላሿም እሷ ነበረች። ክፍሉ ዝም ነው።

የድንቅነሽ የዕድሜ ልክ ቅሬታ ይኼ ብቻ ነበር፤ ዝምታው። የዲላ ልጅ ኳስ ሜዳ ላይ ሲጮህ ከከተማው ውጭ ያለው የገጠር ቀበሌ፣ ጪጩ ድረስ ይሰማል፤ እሷ ክፍል ሲገባ ግን አንደበቱን በር ላይ እንደ ጃንጥላ ትቶ ነው። «ሪፒት አፍተር ሚ» ስትል፣ ማለትም እኔን ተከትላችሁ በሉ ስትል፣ ከፊት ወንበር ሁለት ሴቶች ልጆች ከንፈራቸውን ያነቃንቃሉ፤ ከኋላ የሚመልስላት የተሰበረው መስኮት ንፋስ ነው። ያፍራሉ እንጂ ክፉዎች አይደሉም። እንግሊዝኛ ተሳስቶ መናገር ሱሪ ወልቆ እንደመታየት ሆኖ ይሰማቸዋል። እሷም ይህን ታውቃለች። ቢሆንም አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ ፖር ኢን ብላ ጣሪያው ሲመልስላት መስማት ትመኝ ነበር።

ጡረታ ደረሰ። ትምህርት ቤቱ ኬክ ቆረሰላት፣ ጋቢ አለበሳት፣ የግድግዳ ሰዓትም ሸለማት። ዕድሜዋን ሙሉ ደወል ሲያሯሩጣት ለኖረች ሴት፣ የምትቸኩልበት ነገር ባለቀ ቀን ሰዓት መስጠት! ሰቀለችው። ቤቱ ጸጥ ሲል ቀጭ ቀጭ ማለቱ እንዴት እንደሚጎላ ጉድ ነው። ጠዋት በልማዷ ተነሥታ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ በሩ ጋ ስትደርስ «ወዴት ነው የምሄደው?» ትላለች። ከሰዓቱ በቀር የሚመልስላት የለም፤ እሱም የሚያውቀው ያቺኑ ቀጭ ቀጩን ነው።

አንድ ሳምንት እንዲህ ከከረመች በኋላ አንድ ሐሳብ መጣላት። ለትልልቅ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት በነጻ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ አለች። ቡና ገዢ ነጭ እየመጣ ይርጋጨፌንና ኢዲዶን ሲዞር «ሄሎ» ከማለት ያለፈ ነገር ማለት የሚፈልግ ገበሬ ሞልቷል። ባለባጃጁ አለ፣ የሆቴል አስተናጋጇ አለች፣ የልጇን ደብተር ከፍታ ምንም የማይገባት እናት አለች። ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው የቀበሌ አዳራሽ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ባዶውን ይውላል።

ባዶውን መዋሉን ያየችው ግን እሷ ብቻ አልነበረችም። ተክለብርሃንም አይቶታል።

ተክለብርሃን ኳስ በትልቅ ስክሪን እያሳየ የሚኖር፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ሳቁ ከሆዱ የሚቀድም፣ የጥንት የድንቅነሽ ተማሪ ነው። ኳስ ማሳያ ቤቱ ስለጠበበው አዳራሹን ለቅዳሜ፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ጠይቋል። የአዳራሹ ኃላፊ ወልደዮሐንስም በተራው የእሷው ተማሪ ነበር፤ ዲላ ውስጥ ከመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ ከተገኘው ግማሹ የእሷ ተማሪ ነው መቼም። ሁለቱን ቢሮው አስቀምጦ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያል። ተክለብርሃን ጭራሽ ሊያስታርቅ ሞከረ፤ እኔም የማሳየው የእንግሊዝ ኳስ ነው፣ ተንታኙም የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው፣ እንግዲህ ያው ትምህርት ነው ብሎ ተከራከረ።

ወልደዮሐንስ ሕግ ወዳድ ሰው ነው፤ ሕግ ከሌለ እዚያው ይሠራል። ፍርዱን ሰጠ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ የመምህርት ነው። ወንበሮቹ ከሞሉ ቅዳሜ የእሷ ሆኖ ይቀጥላል፤ ካልሞሉ ቁልፉ ለተክለብርሃን ይሰጣል። እያንዳንዱ ቅዳሜም ይቆጠራል፤ አንድ ቀን የተዘጋ አዳራሽ ለቀጣዩ ጠያቂ ያልፋል።

ሲወጡ ተክለብርሃን ቦርሳዋን ተቀብሎ እየያዘላት፣ «ቲቸር፣ አይቀየሙኝና ወንበር የሚሞላው ኳስ ነው እንጂ ግስ አይደለም» አላት።

«አንተ መች ግስ ታውቅና» አለችው። ቤቷ እስክትደርስ ግን ነገሩን ደጋግማ አሰበችው፤ ምክንያቱም እውነቱን ነበር።

ሳምንቱን በሙሉ ማስታወቂያ ለጠፈች። መድኃኒት ቤቱ፣ ፀጉር ቤቱ፣ የመብራት ምሰሶው፣ ሁሉም ላይ። ያገኘችውን ሰው ሁሉ እያስቆመች ጠራች፤ ሁሉም «እሺ ቲቸር» አላት። የእሺን ዓይነት ለማወቅ ደግሞ ዲላ ተወልዶ ማደግ ይበቃል። የሚመጣ ሰው እሺ አጭር ናት፣ ከአፍ ወጥታ ታልቃለች። የማይመጣ ሰው እሺ ረጅም ናት፤ «እሺሺ» ትልና ኋላዋን ሳታሳይ ጥምዝዝ ብላ ትሄዳለች። ድንቅነሽ ሳምንቱን ሙሉ የሰማችው ረጅሟን ነበር።

ኤልቤቴል ሙዝ ይዛ የመጣችው ሐሙስ ዕለት ነው። ኤልቤቴል የጪጩ ልጅ ናት፤ ድሮ ከድንቅነሽ ተምራ፣ አግብታ፣ ወልዳ፣ አሁን ከጪጩ ሙዝና ጎመን እያመጣች ገበያ ትሸጣለች፤ ሐሙስ ሐሙስ የመጀመሪያዋን እጅ ሙዝ ለድንቅነሽ ሳታደርስ ገበያ አትገባም። ፊቷን አይታ ምን ሆኑ አለቻት። ድንቅነሽም ብዙ ማውራት አልፈለገችም።

«ለቅዳሜ ሰው ጠርቻለሁ፣ ኤልቤቴል። የሚመጣ ግን አይመስለኝም። ማፈሬ ነው።»

ኤልቤቴል ቅርጫቷን መሬት አስቀመጠች። «ሰው ጠርተው ነው ለእኛ ሳይነግሩ ዝም ያሉት?»

«እናንተማ ሥራ ላይ ናችሁ፤ ቡናው እየቀላ።»

«የት ነው ቦታው?» አለች ኤልቤቴል፤ ሌላ አልጠየቀችም። አዳራሹ ጋ መሆኑን ሰምታ ቅርጫቷን አንሥታ ሄደች።

አሁን እዚህ ላይ ጪጩን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር መነገር አለበት። ጪጩ ውስጥ አንድ ሰው «ሰው ጠርቻለሁ፣ እንዳላፍር ፈራሁ» ካለ፣ «ለምን ጠራህ?» ብሎ የሚጠይቀው ንፉግ ሰው ነው፤ ሥራውን መዝኖ ሊመጣ ወይ ሊቀር ነዋ። ደግ ሰው የሚጠይቀው የት ነው፣ መቼ ነው ብቻ ነው። ሰው የሚጠራው መቼም ለሥራ ነው፤ ቤት ለማቆም፣ አጥር ለማጠር፣ ቡና ሥር ለማረም። ሥራው ደርሰው ሲያዩት ይታወቃል።

ኤልቤቴልም ዓርብ ጪጩ ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ፕሮግራም አልቆ ማስታወቂያ ያለው ይቅረብ ሲባል ተነሣች። ያስተማሩኝ እናት ዲላ አሉ፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ለነገ ሰው ጠርተዋል፣ የሚመጣልኝ የለም ብለው ፊታቸው ጠቁሯል አለችና ተቀመጠች። የቀረውን ጉባኤው በየራሱ ሞላው። አንዱ ጣሪያ ተነሥቶባቸው ይሆናል አለ። አንዷ የለም፣ ማድ ቤት ሊያቆሙ ነው አለች። ሌላው ጓሮ ውስጥ ቡና ሳይኖራቸው አይቀርም ብሎ ጠረጠረ። የደቦው ሁሉ መሪ ጋሽ ደግነት ነው፤ እጁ መጥረቢያ የሚያህል፣ ድምፁ ያለ ማይክ ሸለቆ የሚሻገር ቡና አምራች። እሱም ቆብ ለማድረግ የሚፈጀውን ያህል ጊዜ አስቦ፣ ነገ በማለዳ እንነሣለን አለ። በቃ።

ቅዳሜ ጠዋት ድንቅነሽ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ለሚመጡት ጥቂት ሰዎች አንድ ፔርሙዝ ሻይና በጨርቅ የተሸፈነ ዳቦ ይዛ፣ በቀለም የጻፈችውን ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሰቅላ ቆመች። ወልደዮሐንስ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ በሩ ላይ ተቀምጧል። ተክለብርሃን ስክሪኑን በጋሪ አስጭኖ በረንዳው ላይ አስቁሞታል፤ ለነገሩ ለመቅረብ ያህል ብቻ ነው ይላል። ስልኩን የሚያይ እየመሰለ እሷን ያያል።

አንድ ባለባጃጅ ገባ። ልቧ ዘለለ። ተሳፋሪዬን አይታችኋል ወይ ብሎ ወጣ። ቀጥለው አንዲት ሴትዮ ገቡ፤ ጥላ ፍለጋ ኖሯል።

ድንቅነሽ ለራሷ ሳቀች። እንግሊዝኛው ለዚህም ቃል አለው፤ ትሪክል ኢን ይባላል፤ ጠብ፣ ጠብ እያሉ መምጣት። በአስተማሪነት ዘመኗ ሁሉ ይህን ቃል አስተምራው አታውቅም፤ ከእነ ፖር ኢን ጎን ሲቆም የድሃ ዘመድ ይመስላታል። ዛሬ ግን እሱም ብርቅ ሆነ። ወልደዮሐንስ አንገቱን እያሻሸ ሰዓቱን አየ። ተክለብርሃን ተነሣ፤ ፊቱ የሚያሾፍ አልነበረም፤ እንዲያውም አዘነላት፤ እሱ ባሰባት። ፔርሙዙን ልታነሣ እጇን ዘረጋች።

ያን ጊዜ ነው ዘፈኑ የተሰማው።

መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዋናው መንገድ በኩል፣ አንድ ወፍራም ድምፅ ጣል ያደርጋል፣ ብዙ ድምፅ ያነሣዋል። ከዚያ ሞተር ብስክሌት፣ ሁለት ሦስት ሰው ጭኖ። ከዚያ ሌላ ሞተር ብስክሌት፣ ከኋላው መሰላል የተጋደመበት። ከዚያ አንድ አይሱዙ መናኸሪያው ጋ እየተንፏቀቀ ዞሮ ቆመ፤ የኋላ በሩ ሲከፈት ሰው ተዘረገፈ። ዶማ የያዘ፣ ገመድ የጠመጠመ፣ መዶሻና የምስማር ጣሳ ያንጠለጠለ፣ የቡና መልቀሚያ ቅርጫት ያዘሉ ሴቶች፣ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፣ አንድ ሙሉ አግዳሚ እንጨት ተሸክመው የሚዘምሩ ወንድማማቾች። በእግር የመጡትም ከኋላ ደረሱ። ተመሙ፣ ግልብጥ ብለው ወጡ፣ ነቅለው መጡ፤ ድንቅነሽ ያስተማረችው ምዕራፍ በሙሉ እግር አውጥቶ ወደ እሷ ይመጣል። ፔርሙዙን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ተክለብርሃን ወደ ግድግዳው ተጠጋ። «ቲቸር፣ አዳራሹን ሊያፈርሱት ነው ወይስ ሊሠሩት?» አላት በሹክሹክታ።

ጋሽ ደግነት ወደ ፊት ወጣ። በአማርኛው ሴቱን ወንድ ማድረግ ይቀናዋል፤ ሰው ለምዶታል፣ ማንም አይቀየመውም። ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ሰላም አላትና፣ «መምህርት፣ መጥተናል። ሥራውን አሳየን» አለ።

«የምን ሥራ?» አለች ድንቅነሽ።

ዘፈኑ ቆመ። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን አዙሮ ኤልቤቴልን አየ። ኤልቤቴል ቅርጫቷን አየች።

ነገሩ ለድንቅነሽ የገባት ያኔ ነው፤ ፊቷ ጋለ። ወልደዮሐንስ ከበሩ ላይ ተነሥቶ ሕዝቡን በዓይኑ ይለካል፤ ወንበሮቹን ያያል፤ ፊቱ ላይ መሙላታቸው ይነበባል። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። «ሥራው ውስጥ ነው፣ ግቡ» ብትላቸው ይገባሉ፣ አዳራሹም የእሷ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። አፏን ከፈተች። ጋሽ ደግነት ቆቡን እንዳወለቀ ይጠብቃል። የሥራ ቅዳሜውን ትቶ የመጣ ሰው ነው። አልቻለችም።

«ጋሽ ደግነት፣ ሥራ የለኝም» አለችው፣ ሁሉም እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «የጠራሁት እንግሊዝኛ ላስተምር ነው። ወንበሩ በሰው ካልተሞላ አዳራሹን እቀማለሁ። ፈርቼ ነው ለኤልቤቴል የነገርኳት። እናንተን ማድከሜን አላወቅሁም፤ ይቅር በሉኝ።»

ያ የዱሮው ዝምታ ተመልሶ የመጣ መሰላት። ጋሽ ደግነት ዞር ብሎ በጌዴኦኛ ከሰዎቹ ጋር ትንሽ ተነጋገረ፤ አንዱ ሳቀ፣ አንዷ ሳቀች፣ ከኋላ ያለ አንድ ሰው ምስማሩን አንኳኳ። ጋሽ ደግነት ተመለሰ።

«እንዲህ ከሆነ ሥራው መቀመጥ ነው?»

«መቀመጥና መናገር።»

«መቀመጥ ብቻውን ከባድ ነው፤ ወገብ ይይዛል። መናገር ካለበት ይቻላል» አለና ቆቡን መልሶ አደረገ። ለሥራ ወጥቶ ሳይሠራ የሚመለስ ሰው እኛ ጋ የለም ብሎ ለሁሉም አስረዳ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። «ደቦ ከሆነ ግን ባለቤቱ ያበላል። ታበላናለህ?»

ድንቅነሽ ጨርቁን ገልጣ ዳቦውን አሳየችው። ጋሽ ደግነት ጎንበስ ብሎ ተመለከተው፤ አይሱዙውን ተመለከተ፤ እንደገና ዳቦውን ተመለከተው።

«ይኼማ ለሾፌሩ ነው» አለ። «እንግዲያው ደቦው ይቅርና ወንፈል ይሁን። እኛ ዛሬ ላንተ እንውላለን፤ አንተ ደግሞ ቡናው ሲደርስ ለእኛ ትውላለህ። ይሻላል?»

«እሺ» አለች ድንቅነሽ። አጭሯን እሺ።

ገቡ። መሣሪያቸውን ግድግዳው ሥር አስቀመጡ፤ ዶማው በዶማ ላይ፣ ቅርጫቱ በቅርጫት ላይ እየተከመረ ሄዶ ሰሌዳውን ሊነካ ደረሰ፤ ድንቅነሽ የመጀመሪያውን ትምህርት ሳታስበው አገኘችው። ወደ ክምሩ እየጠቆመች ፓይል አፕ ማለት ይኼ ነው አለች። ወንበሩ ሞላ፤ የቀረው በአግዳሚው ላይ፣ የቀረው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሕፃናት ጡት ያዙ። ከዚያ ያንን የፈራችውን ነገር ማድረግ ነበረባት።

«ሪፒት አፍተር ሚ» አለች። «ፖር ኢን።»

ከፊት ኤልቤቴል ብቻ ከንፈሯን አነቃነቀች። ሌላው መሬት መሬት አየ። አዬ፣ ያው ነው፤ ገበሬም ሆነ ተማሪ ያው ነው አለች በሆዷ።

ጋሽ ደግነት ብድግ አለ። መጀመሪያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ ሥራ ላይ መሆናቸውን አስታወሳቸው፤ ደቦ ውስጥ ዶማውን ይዞ የሚቆም ሰው ምን እንደሚባል የሚያውቅ ያውቃል አላቸው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «መምህርት፣ ጥፋቱ ያንተም ነው። ብቻህን ትጎትታለህ። እንደዚህ አይደለም። አንተ ጣል አድርግልን፤ እኛ እናነሣዋለን።»

እግሩን አንዴ መሬት መታ። ሁለቴ መታ። አዳራሹ ያዘው፤ ቁፋሮ ላይ እንደሚመታው፣ ሁሉም በአንድ ልክ። ድንቅነሽ ትንሽ ጠበቀች፣ ምቱ መሐል ገባችና ጣል አደረገችው።

«ፖር!»

«ኢን!» አለ ጣሪያው።

ቆርቆሮው ነው የመለሰላት፤ ነዘረ። ድንቅነሽ ሰሌዳውን ደገፍ አለች። ደገመችው፤ መለሱላት። ፍለድ ስትል ኢን አሉ፤ ፓይል ስትል አፕ ብለው ግድግዳውን አርገበገቡት። የሚሳሳት ሞልቷል፤ ግን በምት መሐል የተሳሳተ ሰው ማን ያየዋል? የቀጣዩ ምት ይዞት ይሄዳል። ዓይነ አፋሩ ሁሉ ከብዛቱ ውስጥ ተደብቆ እንደልቡ ይጮሃል። ይህን ዘዴ ከስንት ዘመን በፊት ማን በነገረኝ እያለች፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣ እሷም እግሯን ትመታለች።

ትርጉሙን ስታስረዳቸው ጋሽ ደግነት አልተዋጠለትም። ሰው ሲመጣ ውሃ፣ ዕቃ ሲመጣ ውሃ፣ እነዚህ ሰዎች ከውሃ ሌላ አያውቁም ወይ ብሎ ጠየቀ። ድንቅነሽ ንብም አላቸው አለችና ስዋርም የሚለውን ሰጠቻቸው፤ ንብ ግር ብሎ ቀፎውን እንደሚሞላው ማለት ነው። ቀፎ ያላቸው ሁሉ ተነሥተው ጮሁ። እንግሊዝን ወደዱት።

ጩኸቱ መናኸሪያውን አናወጠው። መጀመሪያ ረዳቶች በመስኮት አንገታቸውን አስገቡ። ቀጥሎ ኳስ ሊያዩ በጊዜ የመጡት የተክለብርሃን ደንበኞች፤ በመስኮት ሲያዩ ቆይተው በበር ገቡ። ማስታወቂያውን አይተው ረጅሟን እሺ ብለው የነበሩትም «መጣን እኮ ቲቸር፣ አላልንዎትም?» እያሉ ብቅ አሉ። በመጨረሻ ስክሪኑን ብቻውን በረንዳ ላይ ትቶ ተክለብርሃን ራሱ ከኋላ ቆሞ ሲያጨበጭብ ተገኘ። ድንቅነሽ አየችው፤ በፍለድ ኢን አንድ ዓረፍተ ነገር ስጠን አለችው፣ እንደ ድሮው በስሙ ጠርታ።

ላቡን ጠረገ። «ደንበኞቼ በሙሉ ወደ ቲቸር ፍለድ ኢን አደረጉ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ የአነጋገሩን ጉድለት ለማረም እሷም አቅም አልነበራትም።

ወልደዮሐንስ ቁልፉን መዳፏ ላይ ሲያስቀምጥ፣ ደንቡ የሚለው ስለ ወንበር ነው፣ መስኮቱ ስለመሙላቱ የተጻፈ ነገር የለም፣ እሱን እጨምራለሁ አላት። ዳቦውን ሾፌሩ በላው።

ቀጥለው ባሉት ቅዳሜዎች አዳራሹ ሞቅ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ኅዳር ገባ፣ ቡናው በአንዴ ቀላ። ሐሙስ ዕለት ኤልቤቴል ሙዙን አስቀምጣ አልሄደችም፤ ትንሽ ቆመች።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ለቀማ ነው። ተራዎ ደርሷል» አለች።

ድንቅነሽ ቁልፉ የተሰቀለበትን ምስማር አየች። አንድ ቅዳሜ የተዘጋ አዳራሽ ለቀጣዩ ጠያቂ ያልፋል፤ የወልደዮሐንስ ሕግ ነው፤ ቀጣዩ ጠያቂ ደግሞ ይታወቃል። ያንን አዳራሽ ለማግኘት ምን ያህል እንደተጨነቀች እሷ ናት የምታውቀው። እሺ ያለችውም እሷ ናት፤ አጭሯን። ከሰዓት በኋላ ቁልፉን ይዛ ተክለብርሃን ጋ ሄደች፤ ቅዳሜ አንተ ክፈተው አለችው። ደነገጠ። ነጥቆ መውሰድ የፈለገውን ነገር በእጁ ሲሰጡት አልጣመውም።

«ቲቸር፣ ይሄንን ሁሉ ታግለው ሲያበቁ? ተማሪዎችዎ እዚያ ናቸው ብለው ነው?»

«ተክሌ፣ እኔ ወንበር አስተምሬ አላውቅም።»

«እኛን ያስተማሩን ጊዜስ?» አለና ሳቁ ከሆዱ ቀድሞ ወጣ። እሷም ሳቀች፤ ደጁ ላይ ቆመው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ቁልፉን ተቀብሎ፣ እንግዲያው የኔ ሳይሆን አደራ ነው፣ ቡናው ሲያልቅ ይመለሳሉ አላት።

ቅዳሜ ጪጩ ላይ ቅርጫት ወገቧ ላይ ታስሮላት ከጋሽ ደግነት ቡና ሥር ቆመች። ለቃሚዎቹ በዛፍ በዛፉ ተበትነዋል፤ ቅጠሉ ይደብቃቸዋል፣ እጃቸው ብቻ ይታያል። የእነሱ እጅ ቅርንጫፉን ጨብጦ ሲወርድ ቀዩ ፍሬ ይዘንባል፤ የእሷ እጅ አንዷን ፍሬ ይመርጣል፣ ያመነታል፣ ይቆርጣል፣ ያያታል፣ ከዚያ ይጥላታል። አንገቷ ላይ ፀሐይ አለ፤ ጣቶቿ ይጣበቃሉ፤ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ቅዳሜ ግን አሳልፋ አታውቅም። ምክንያቱም ገና ሥራው ከመጀመሩ ከታች ዛፍ ውስጥ አንድ የማታየው ሰው «ፖር!» ብሎ ጣል አደረገና፣ ተራራው በሙሉ «ኢን!» ብሎ አነሣው።

እኩለ ቀን ላይ ቅርጫት ሁሉ ወደ ክምሩ መጣ። ፓይል አፕ እያሉ ገለበጡት። የእሷ ተራ ሲደርስ ጋሽ ደግነት ቅርጫቷ ውስጥ ተመለከተ፤ ታችኛው ስፌት ይታያል።

«መምህርት፣ ለዚህስ ቃል አላቸው?» አለ።

«አላቸው። ትሪክል ኢን ይሉታል። ጠብ፣ ጠብ።»

ደገሙት። ከሁሉም ቃል አብልጠው ወደዱት፤ እንዲያውም የእሷ ስም አደረጉት። ውሎው እስኪያልቅ ቅርጫቷን ባነሣች ቁጥር ከየዛፉ ትሪክል፣ ትሪክል ይሏታል። ያ የድሃ ዘመድ ቃል እንዲህ ተከበረ።

ምሳ ላይ ቆጮና ጎመን እየበሉ ድንቅነሽ ወደ ኤልቤቴል ጠጋ አለች። አንድ ነገር ሲከነክናት ውሏል።

«ይኼ ወንፈል ዛሬ አለቀ አይደል?»

«እንዴት ያልቃል፣ እትዬ? ዛሬ የጋሽ ደግነት ነው። ከዚያ የእኛ አለ፣ ከዚያ የነሱ፣» አለች በአገጯ እየጠቆመች፣ «ከዚያ የባለ መሰላሉ፣ የባለ ምስማሩ። ለእርስዎ የመጣው ሁሉ ተራ አለው።»

ድንቅነሽ ቀና ብላ አየቻቸው። በየቡናው ጥላ ሥር፣ እስከ ታችኛው መንገድ ድረስ ተቀምጠው ይበላሉ፤ ከአይሱዙው የወረደው ሁሉ፣ በእግሩ የመጣው ሁሉ፣ ሕፃን ያዘለችው ሁሉ። ሁሉም ቅዳሜ አለው። ሁሉም ደጅ አለው፣ እሷን የሚጠብቅ።

«ኧረ ኤልቤቴል» አለች፣ «ቅዳሜዎቼ ተከመሩ እኮ።»

«ምን አፕ?» አለች ኤልቤቴል፣ ጉንጯ ቆጮ ሞልቶ።

«ፓይል!» አለች ድንቅነሽ፣ አስተማሪነቷ ቀድሟት፤ ከታች ያለው ሁሉ ምሳውን እንደያዘ መለሰላት።